የምድር ወገብ ጅረትና የጣና ነፋስ

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የምድር ወገብን ጅረት (በውቅያኖስ ውስጥ ወገቡን ተከትሎ የሚጓዘውን ውሃ) የሚነዳው ነፋስ ነው፤ የባሕር ዳር ተማሪ ጣና ዳር ቆሞ ሊማረው ይችላል።» ደጋፊው የጂኦግራፊ መምህር፣ ተቃዋሚዋ የውሃ መሐንዲስ ናቸው።

መምህሩ፦ ይህ እንኳ ክርክር አያሻውም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የፓስፊክን ወለል ይዞ ይነጉዳል፤ ውሃው በኢንዶኔዥያ በኩል ተከማችቶ ከደቡብ አሜሪካ ዳርቻ በግማሽ ሜትር ያህል ይበልጣል። እምቦጭን ፎገራ ዳርቻ ላይ የሚከምረውስ ማን ሆነና? ጣናን ያየ ውቅያኖስን አየ።

መሐንዲሷ፦ «ጣናን ያየ ውቅያኖስን አየ»! የኔታ፣ ፓስፊክ ላይ መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይበሉና ይዩ፤ ነፋሱን ተቃርኖ ወደ ምሥራቅ የሚከንፍ ጅረት አለ፣ በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ። በ1952 (እ.ኤ.አ.) የውቅያኖስ ተመራማሪው ታውንሴንድ ክሮምዌል የደረሰበት ወደ ጥልቁ የወረደው የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ወደ ምሥራቅ ሲወሰድ ነው። እምቦጭ ግን ከላይ ብቻ ነው የሚንሳፈፈው።

መምህሩ፦ ፌዙን እንኳ ተዉት። ነፋሱ ምዕራብ ላይ ባይከምረው ውሃው ወደ ምሥራቅ የሚወርድበት ቁልቁለት ከየት ይመጣ ነበር? በ1982 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በኤልኒኖው (የፓስፊክ ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ በሚመለስበት) ጊዜ፣ ነፋሱ ሲደክም ያ የእርስዎ ጅረት ለወራት ጠፋ። ጣናም ሲነፍስበት አንዱ ዳርቻ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ውሃው በሥር ይመለሳል።

መሐንዲሷ፦ «ጣናን ያየ» ማለት አሁንም አልቀረም? ጣና 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፣ ጥልቅ ቦታውም 15 ሜትር ገደማ። የምድር መዞር ወራጅ ውሃን በሰሜን ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ ይገፋል፤ ወገቡ ላይ ኃይሉ ዜሮ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጅረት ወደ ሰሜን ቢያፈነግጥ ቀኝ ማለት ወገብ ነው፤ ወደ ደቡብ ቢያፈነግጥ ግራም ያው ወገብ ነው። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን መስመሩን ሳይስት የሚጓዘው በዚህ ነው። ይህንን ከየትኛው የጣና ዳርቻ ያሳዩዋቸዋል?

መምህሩ፦ የእኛ ተማሪ ቀኝና ግራውን ሳይሆን የክረምቱን ዝናብ ይጠይቃል። ነፋሱ ደክሞ ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ክረምታችን ይሳሳል፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) አይተናል። መምህር የሚያስተምረው ይህንን ነው።

መሐንዲሷ፦ ከጅረት ወደ ዝናብ ተሻገርን፤ መልካም። ጣና ላይ ካስተማሩ ደግሞ በእምቦጭ አይሁን፤ ቅጠሉ ከውሃ በላይ ስለሆነ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። አንገቱ ብቻ እስኪታይ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ይልቀቁ፤ ከሌላው ጠርሙስ ሥር ደግሞ በ6 ሜትር ገመድ ድንጋይ የገባበት ባልዲ ያንጠልጥሉ፤ የመጀመሪያው የላዩን ውሃ፣ ሁለተኛው የሥሩን ይከተላል። ጠርሙሱ ከውሃ በላይ ብዙ ከወጣ የሚለካው ነፋሱን እንጂ ውሃውን አይደለም። ባልዲው መሬት ከነካ ደግሞ ይቆማል፤ ጥልቀቱን አስቀድመው ይለኩ።

መምህሩ፦ እንግዲህ ጣና ላይ ይማራሉ ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ ስለ ጣና፣ አዎ።