ፓስወርዱ ጠንካራ ነው፤ ሰርቨሩ ግን አይጠይቅም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ ሰርቨር ያስተከለ ነጋዴ ስለ ደህንነቱ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ፓስወርድ አለው።» የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብትሄዱም ያው ነው። ፓስወርዱ ረጅም ነው። ቁጥርም ምልክትም አለበት። ከሂሳብ ሠራተኛዋ በቀር ማንም አያውቀውም። ጎሽ፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን አንድ የተረሳ ጥያቄ አለ። ሰርቨሩ ያንን ፓስወርድ ሁልጊዜ ይጠይቃል ወይ?

ብዙ ሰው ሀከር ማለት ፓስወርድ ሰብሮ የሚገባ ይመስለዋል። በዓለም ላይ ከደረሱት ትልልቅ ጥቃቶች ውስጥ ግን ምንም ያልተሰበረባቸው ብዙ ናቸው። ሰርቨሩ ትእዛዝ መጣለት፣ ማን እንደላከው ሳያጣራ ፈጸመ፣ አለቀ። የሶፍትዌር ድክመቶችን በቁጥር የሚመዘግበው ሲደብሊውኢ የተባለው ዝርዝር ይህንን ለብቻው ቁጥር ሰጥቶታል፤ 306። ለወሳኝ ሥራ የማንነት ማረጋገጫ አለመኖር ማለት ነው። ፓስወርድ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጭራሽ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች ይህንን ችግር ማስቆም የሚቻልበት ምርጡ ቀን የርክክብ ቀን ነው። መሣሪያው ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚጀመር እንይ። ባለ ሱቁ ደብረ ብርሃን ይኖራል። ሸዋ ሮቢት አንድ ቅርንጫፍ አለው፣ መሐል ሜዳ ሌላ። ስንት ካርቶን ተሸጠ፣ ስንት ቀረ፣ በየማታው ማየት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ትክክል ነው። ባለሙያው ይመጣል፣ ፐብሊክ አይፒ (ከየትም በኢንተርኔት የሚደረስበት አድራሻ) እንዲገዛ ይነግረዋል፣ ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ይከፍታል። አንዳንዴ አንዱ ፖርት እምቢ ይላል። ቀኑ መሽቷል፣ ብርዱም የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ዲኤምዜድ የምትባለዋን ምርጫ ይነካና ኮምፒውተሩን እንዳለ ለዓለም ይገልጠዋል። «ጋሼ፣ በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎ ቁጭ ብለው ሸዋ ሮቢትን ያዩታል።» ጋሼ ደስ ብሏቸው ይከፍላሉ። እውነትም ያያሉ። ችግሩ፣ ሌላውም ማየት መቻሉ ነው።

በዚያ ኮምፒውተር ላይ ምን አለ? ብዙ ጊዜ ዛምፕ አለ። ዛምፕ ድረ ገጽና ዳታቤዝ በአንድ ላይ የሚያስነሳ ጥቅል ነው፤ የተሠራውም ፕሮግራም ጸሐፊ በገዛ ላፕቶፑ እንዲሞክርበት ነው። የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ ፓስወርድ የለውም። ዳታቤዙ የሚተዳደርበት ገጽ፣ ፒኤችፒማይአድሚንም ሳይጠይቅ ያስገባል። ሠሪዎቹ ይህንን ስለሚያውቁ ገጹ ከዚያው ኮምፒውተር ብቻ እንዲከፈት ገድበውታል። የእኛ ሰው ግን «ከሌላ ኮምፒውተር አልከፍት አለኝ» ብሎ ያቺን ገደብ ያነሳታል። ዩቲዩብ ላይ እንዴት እንደምትነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል።

«እኛን ማን ያውቀናል?» የሚለው መልስ እዚህ ጋ ይመጣል። ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የተባለ መሣሪያ አወጡ። አንድ ኮምፒውተር ጥሩ መስመር ካገኘ የኢንተርኔቱን በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአይፒቪ4 አድራሻዎች ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ይጨርሳል። ያ ከአሥር ዓመት በፊት ነው። የሚያንኳኳው ማሽን የቅመም መጋዘን ይሁን ባንክ ደንታ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የሆነውን ብናስታውስ ይበቃል። ሞንጎዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ ያለ ፓስወርድ ኢንተርኔት ላይ የተዉ ድርጅቶች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዳታቤዛቸው ተደምስሶ አገኙት። በቦታው አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል፤ 0.2 ቢትኮይን ክፈሉና እንመልስላችኋለን ይላል። ከከፈሉት ብዙዎቹ ምንም አልተመለሰላቸውም፤ አጥፊዎቹ መጀመሪያውኑ ቅጂ አልያዙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ገንዘብም ሳይጠይቅ የሚያጠፋ መጣ። የተከፈተ ኤላስቲክሰርች (መረጃ መፈለጊያ ዳታቤዝ) ወይም ሞንጎዲቢ ባገኘ ቁጥር መረጃውን ሰርዞ «ሚያው» የሚል ቃል ብቻ ይተዋል። እንዲሁ በጨዋታ።

ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሮቹ ተሻሽለዋል፤ ይህ መነገር አለበት። ሞንጎዲቢ ከቅጂ 3.6 ጀምሮ ካልነገሩት በቀር የሚሰማው ራሱ ያለበትን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኤላስቲክሰርች ከ8.0 ጀምሮ ደህንነቱ በርቶ ይመጣል። ሬዲስ የሚባለው ሌላ ዳታቤዝም ከ3.2 ጀምሮ ፓስወርድ ከሌለው ለውጭ ሰው አይመልስም። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? አንደኛ፣ እኛ ጋ የቆየ ቅጂ በፍላሽ ይዞራል። ሁለተኛውና የሚያስገርመኝ፣ ጥበቃውን በአንድ እጅ አብርተን በሌላው እጅ እንደምናጠፋው ነው።

ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ የሚያስነሳውን ዶከርን ውሰዱ። የዛሬ ወጣት ባለሙያ ሁሉን ነገር በዶከር ነው የሚጭነው። ለዶከር የተዘጋጀው የሬዲስ ጥቅል ያንን አዲሱን ጥበቃ አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ባለሙያው ደግሞ ሊኑክሱ ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባለውን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚዘጋ አጥር) አብርቶ፣ ሁሉንም ዘግቶ፣ ተረጋግቶ ይተኛል። ግን ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ሕግ ለብቻው ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊው የዘጋውን አልፎ ይሄዳል። ፋየርዎሉ «ተዘግቷል» ይላል፤ ፖርቱ ክፍት ነው። ይህን የማያውቅ ጎበዝ ባለሙያ ብዙ ነው። መፍትሔው አንዲት ቁጥር ናት፤ ፖርቱን ሲያውጁ ከፊቱ 127.0.0.1 ብሎ መጻፍ። ያኔ ከዚያው ማሽን በቀር የሚሰማው የለም።

መብራትም አለብን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነስቶ ይጀምራል። አይፒቴብልስ በሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ላይ በእጅ የተጻፉ ሕጎች ካልተቀመጡ በዚያች ቅጽበት ይጠፋሉ። ሬዲስ ላይ በሥራ መሃል የተሰጠ ፓስወርድም ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ አብሮ ይጠፋል። ሰኞ የተዘጋው ሰርቨር ሐሙስ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ማንም ምንም ሳይነካው። ስለዚህ ባለሙያው «ዘግቼዋለሁ» ሲል፣ አጥፍቶ አብርቶ እንደገና ያሳይ።

ይህ የሰነፍ ሥራ ብቻ እንዳይመስል፤ ትልልቆቹም ወድቀውበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2022 ኤፍ5 የተባለው ኩባንያ ቢግ-አይፒ በሚለው የኔትወርክ መሣሪያው ላይ ሲቪኢ-2022-1388 የተባለውን ክፍተት አሳወቀ። ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው መሣሪያውን ማዘዝ ይችል ነበር። ከ10 የተሰጠው የአደጋ ነጥብ 9.8 ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ፋየርዎሎችን የሚያስተዳድረው የፎርቲኔቱ ፎርቲማኔጀር በዚያው ዓይነት ጉድለት ተገኘ፤ ነጥቡም ያው 9.8፣ ያውም ይፋ ከመሆኑ በፊት ሲበዘበዝ ከርሞ። ከሁሉ የሚያናድደኝ የቪም ነው። ባክአፕ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የምንተማመንበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓስወርድ ሳይጠየቅ በውስጡ የተቀመጡ የመግቢያ መረጃዎችን አሳልፎ እንደሚሰጥ ታወቀ። እዚህ ላይ የእኛ ፓስወርድ ጥንካሬ ዋጋ የለውም። የሚያድነው አፕዴት ነው። ከአፕዴቱ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ የሚያድነው፣ የማስተዳደሪያው ገጽ ኢንተርኔት ላይ አለመኖሩ።

አገር ውስጥ ለሚጻፉ ሲስተሞችም አንድ ነገር ልበል። የመግቢያው ገጽ ያምራል፣ አርማ አለው፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። ከገባችሁ በኋላ የሚከፈቱት ገጾች ግን እያንዳንዳቸው ይጠይቃሉ? ቀላል ፈተና አለ፤ ባለ ሱቁ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ገብታችሁ የሽያጭ ሪፖርቱን ክፈቱ። ሊንኩን ኮፒ አድርጉና በቴሌግራም ለልጃችሁ ላኩ። ልጁ በራሱ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ፣ በዳታ ይክፈተው። የመግቢያ ገጽ ከመጣለት ደህና። ሪፖርቱ ከመጣለት ክፍያውን ያዙ። የደንበኛ መታወቂያ ፎቶና የተሰቀለ ደረሰኝም እንዲሁ ይሞከር፤ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ፣ በተንን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። ማጣራቱ ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ ሁሉም ገጽ ዝግ ሆኖ ይጀምርና ለሕዝብ የሚከፈተው በስም ይጠራ። ጃንጎ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከቅጂ 5.1 ጀምሮ ይህንን የሚያደርግ የተዘጋጀ ክፍል አለው። በሌሎቹም ጥቂት መስመር ነው። እያንዳንዱን ገጽ አስታውሶ መዝጋት ግን አንድ ቀን መርሳትን ያመጣል።

የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎችም በዚህ ዘመን ኦላማ ጭነው ኤአይ ሞዴል ያስነሳሉ። ኦላማ ፓስወርድ የለውም፤ የሚሰማውም ራሱ ያለበትን ማሽን ብቻ ነው። ጓደኛ እንዲጠቀም ተብሎ 0.0.0.0 ላይ፣ ማለትም ከየትም የመጣን እንዲሰማ ከተደረገ መስመሩን ያገኘ ሁሉ ይጠቀምበታል። ካምፓስ ውስጥ ይሁን፣ ከግቢ ውጭ አይውጣ።

እንግዲህ ባለ ሱቁ ቅርንጫፉን እንዴት ይይ? በቪፒኤን፣ ማለትም ቁልፍ ያለው ብቻ በሚገባበት የተመሰጠረ መስመር። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አብሮ አለ፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ ስለማይሰጥ አንኳኪው እዚያ ምንም እንዳለ አያውቅም። «ጋሼ አፕ መክፈት ይከብዳቸዋል» የሚል መልስ እሰማለሁ። ቴሌብር የለመደ ሰው አንድ በተን መንካት አያቅተውም። በእርግጥ ስልክ ሲጠፋ ቁልፉን የሚሰርዝ ባለሙያ መኖር አለበት፤ ይህ ወጪ ነው፣ አልክድም። ከቪፒኤኑ በስተጀርባም ዳታቤዙ ፓስወርድ ይኑረው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል።

ስልክ አንስታችሁ የጎረቤትን ሰርቨር እንዳትፈትሹ ግን አደራ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ «ክፍት ነበር» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ አካል ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው።

የመንግሥት ግዢ ላይ ነገሩ ይብሳል። በጀቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ስለዚህ ርክክቡ ሁሉ ሰኔ ላይ ይጨናነቃል። ኮሚቴው ካርቶን ይቆጥራል፣ ራሙን ያያል፣ ስክሪኑ እንደበራ ይፈርማል። ከውጭ ምን እንደሚታይ የሚያይ የለም። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ቢጨመር ብዙ ይለወጣል። አቅራቢው ወደ ውጭ የተከፈቱትን ፖርቶች ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ጽፎ ያስረክብ። ሰርቨሩ በኮሚቴው ፊት ጠፍቶ ይብራና ከግቢው ውጭ ባለ መስመር፣ ያለ ፓስወርድ ይሞከር። አፕዴት የሚጭነው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። የሙከራው ውጤት ከርክክብ ሰነዱ ጋር ተያይዞ ሳይፈረም የመጨረሻው ክፍያ አይውጣ፤ ሰኔ 29 ቢሆንም።