ልጆቻችንን በክፍያ ለይተን ስለ አንድነት ለምንናገር ሰዎች

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል በቅድሚያ የተጻፈው ገንዘብ ላለን፣ ወይም ያለን ለመምሰል ለምንጣጣር፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ለምንኖርና ለምንሠራ ወላጆች ነው። ልጃችን የቤት ሥራውን አልሠራም ብሎ ሲያስቸግረን «ዋ! የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስገባህ» ብለን የምናስፈራራው እኛው ነን። ይህን ስንናገር ወጥ ቤት ያለችው ሠራተኛችን ትሰማለች፤ እርሷ ሥራዋን ጨርሳ የማታ ትምህርቷን የምትከታተለው በዚያው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤት ልጅም ይሰማል፤ እኛ ቅጣት ያደረግነው ቦታ ለእርሱ ያለው አንድ የትምህርት ገበታ ነው። ስድብ መሆኑን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ የሚሰሙንን ሰዎች ከቁም ነገር ስላልቆጠርናቸው ነው።

አዲስ አበባ አንድ መልካም ጠባይ ነበራት። ባለ ቪላውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለያይተው ይኖሩ ነበር፤ ዕድራቸው አንድ፣ የሚሳለሙት ደጅ አንድ፣ ልጆቻቸው ኳስ የሚራገጡበት ሜዳም አንድ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል፤ አብሮነቱም በዓይናችን ፊት እየሳሳ ነው። በዚህ ብዙዎቻችን አዝነናል፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ሆኖም ልጆቹን የለያየናቸው ዶዘሩ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት ቀድመን፣ ገና በአራት ዓመታቸው መዋዕለ ሕፃናት ስናስገባቸው መሆኑን አንካድ። ጠዋት ከአንድ ግቢ የሚወጡትን ሁለት ሕፃናት ተመልከቱ፤ አንዱ ደጃፍ ድረስ የመጣለት ሰርቪስ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው የታናሽ እህቱን እጅ ይዞ አስፋልቱን ያቋርጣል። በሰርቪሱ የሄደው አማርኛ ስትናገር ተገኘህ ተብሎ የሚቀጣበት ትምህርት ቤት ሊደርሰው ይችላል፤ በእግሩ የሄደው ደግሞ በታችኞቹ ክፍሎች እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ተምሮ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በገዛ አገሩ ልጅ አንደበት መናገርን ጥፋት፣ የባዕድ ቋንቋን ደግሞ መወጣጫ ያደረገ አከፋፈል ለሁለቱም የሚበጅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጎድቶ የሚጥለው ሁለተኛውን ነው።

በዚህች ከተማ ስማቸው ተከብሮ ይጠራ የነበሩት ትምህርት ቤቶች የንግድ ቤቶች አልነበሩም። አራት ኪሎ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፣ በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች የተቋቋመው እቴጌ መነን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው ጄነራል ዊንጌት አገር ያስተዳደሩትን፣ ያከሙትንና ያስተማሩትን ሰዎች አፍርተዋል። ያን ዘመን ላሞግሰው አልፈልግም፤ ያኔ ከአገሪቱ ሕፃናት አብዛኛው የትምህርት ቤት ደጃፍ አይቶ አያውቅም ነበር። የግል ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የምልም አይደለሁም፤ ደርግ ወርሷቸው አይተናል፣ ዛሬም የከተማዋን ሸክም በከፊል የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። የምናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ልጆቻችንን ስናወጣ ልጆቹን ብቻ አላወጣንም። ቢሮ ገብቶ የሚጠይቀውን፣ ደብዳቤ የሚጽፈውን፣ የሒሳብ መምህር ለሁለት ወር ጠፋ ሲባል ርእሰ መምህሩን አላስቀምጥ የሚለውን ወላጅ አብረን አወጣነው። በቀን ሥራና በጉሊት የሚተዳደሩት ወላጆች ደግሞ ስብሰባ ሲጠሩ የዕለት ገቢያቸውን ጥለው ይመጣሉ፤ ተናግረው ግን የሚሰማቸው ጥቂት ነው።

ገንዘባችን ምን እንደገዛልንም እንመርምር። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጠ፤ ኩረጃው ሲታገድ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። በዚህ ቁጥር ውስጥ የወደቁት የድሃ ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ በየዓመቱ የሚጨምር ክፍያ ሲከፈልላቸው የኖሩትም አብረው ወድቀዋል። እኛ ግን ከዚህ የተማርነው በማግሥቱ ሌላ አስጠኚ መፈለግን ነው።

አስጠኚውስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት በታጨቀ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የዋለው መምህር ነው። ደመወዙ የቤት ኪራዩን ስለማይሸፍን ማታ ከእኛ ሳሎን ይቀመጣል፣ ሻይ ይቀርብለታል፣ ለአንድ ልጅ ብቻ በቀስታና በትዕግሥት ያንኑ ምዕራፍ ያስረዳል። ቀን ላይ ደክሞት በጥድፊያ ያለፈውን ማለት ነው። መምህሩን አልወቅስም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር «ብቁ አይደለም» የምንል ሰዎች ለልጃችን የመረጥነው እርሱን ሲሆን፣ ጎደለ የምንለው ዕውቀቱ ሳይሆን ክፍያውና የክፍሉ ስፋት መሆኑን በተግባራችን መስክረናል።

«ይኸው ምግብ ይሰጣቸዋል፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ያገኛሉ፣ ምን ጎደለባቸው?» የሚሉ አሉ። ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዘረጋው የምገባ መርሐ ግብር በእውነት የሚመሰገን ነው፤ በረሃብ ራሱን የሚስት ሕፃን ክፍል ውስጥ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አያቃልለውም። ሆኖም ልጁ በልቶ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ የሚማረውም ሊሟላለት ይገባል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጻሕፍቱ በጊዜ ታትመው ባልደረሱበት ወቅት ፋይሉን በስልክ አውርዶ ወይም በወረቀት አሳትሞ የተማረው ማን፣ ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ የከረመው ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሕፃናትን በቆዳ ቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ በአንድ ድምፅ ወስኗል። በእኛ ዘንድ ልጆችን የሚለይ አዋጅ የለም፤ እንዲያውም ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅ ስለሌለ ፍርድ ቤት የሚሽረው ነገር የለም፤ የሠራነው እያንዳንዳችን በየቤታችን ነውና።

ስለዚህ ልጃችሁን ነገውኑ አስወጡ አልላችሁም፤ ማንም በልጁ እንዲሞክር አይጠየቅም። ማስፈራሪያውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችሁ አውጡት። በሰፈራችሁ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለው፤ ልጃችሁ ባይማርበትም ግብራችሁ ይማርበታልና ሂዱ፣ በጀቱ የት እንደገባ ጠይቁ፣ ጡረታ የወጣችሁ የሒሳብና የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ጊዜያችሁን ስጡት። ጉሊት ጥላ የመጣችው እናት ስትናገር አጠገቧ ቆማችሁ ቃሏን ደግፉ፤ በእርሷ ፈንታ ግን አትናገሩ።

እናንተም ይህን ከተማና ትምህርቱን የምትመሩ ሹማምንት፣ የገዛ ልጆቻችሁ የት እንደሚማሩ ለሕዝብ ንገሩ። መልሳችሁ «በግል ትምህርት ቤት» ከሆነ አንቀየማችሁም፤ የመንግሥቱን ለምን እንዳልመረጣችሁት ግን ምክንያቱን አንድ በአንድ ጽፋችሁ አስረዱን፣ ያ ዝርዝርም የመጪው ዓመት ዕቅዳችሁ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።