ደብተሯን ሳታዩ ፊቷን አያችሁ

የአዳማ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በተለይ እሁድ እሁድ ተሰብስባችሁ እቁብ ለምትጥሉ፣ ዋስ ለምትሆኑና ዋስ ለምትነፍጉ።

መናኸሪያው አካባቢ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፣ እቁቡንም አልጠራም፤ የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ። 30 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥልበት ነው፤ እጣ የወጣለት 30,000 ብር ይወስዳል። ደንቡ ሦስት ዋስ ይጠይቃል። ዋሱም ራሱ ገና ያልወሰደ መሆን አለበት፤ ገንዘብ የወሰደው ሰው ቢጠፋ ከዋሱ እጣ ላይ ይያዛልና። ደንቡ ክፋት የለውም።

በ19ኛው ሳምንት እጣው ለእሷ ወጣ። እስከዚያ ድረስ አንድም እሁድ አላሳለፈችም፤ በደብተሩ ላይ በስሟ የተጻፈ አንድ ቅጣት የለም። ብሩን የፈለገችው ከፀሐይና ከአቧራ የምትገባበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ለመከራየት ነበር። ኪራዩ በወር 4,000 ነው፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ስለጠየቀ 24,000፣ የቀረው 6,000 ለጋዝ ምድጃና ለወንበር። ተስማምታ ጨርሳ የጎደላት የሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ዞረች። አንዱ "ባለቤቴን ላማክር" አላት። ሌላው "ዋስ አልሆንም ብዬ ምያለሁ" አለ። በየጠዋቱ ከእሷ ዘንድ ሻይ የምትጠጣው ደግሞ ፊት ለፊት ምንም ሳትላት ቆይታ፣ ዞር ስትልላት "ከየት እንደመጣች ማን ያውቃል? ነገ ዕቃዋን ሸክፋ ብትሄድስ?" አለች። ይህ ሲነገር ከተቀመጡት አንድ ሰው እንኳ "ተይ" አላለም።

በሚቀጥለው እሁድ ዳኛው ዋስ እንዳልመጣ አስታወቀ፤ እጣው እንደገና ተጣለ። የወጣለት ሰው በደብተሩ አራት ጊዜ ዘግይቶ የተቀጣ ነው። ሦስት ዋሶች እዚያው ተቀምጠው ፈረሙለት። ከሦስቱ አንዱ "ባለቤቴን ላማክር" ያለው ነው፤ ለዚህኛው ማንንም አላማከረም። እሷን ግን "የመጨረሻዋ ትሁን፣ ያኔ ዋስ አያስፈልጋትም" ብላችሁ ወሰናችሁ። ሱቁ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተከራየ።

ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሒሳቡን ስሠራው ደግሞ ባሰብኝ።

በ19ኛው ሳምንት 19,000 ብር ጥላለች። ከ30,000ው ቀሪ ዕዳዋ 11,000 ብቻ ነው። ብትጠፋ እንኳ ለሦስት ዋስ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ3,700 ብር አይበልጥም፤ እሱም የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ11 ሳምንት ነው። ይህም ከበዳችሁ እንበል። 11,000ውን በሰብሳቢው እጅ አስቀርታችሁ፣ የቀረውን 11 ሳምንት ከዚያ ላይ እየቀነሳችሁ፣ 19,000ውን ልትሰጧት ትችሉ ነበር። ያኔ አንድም ዋስ አያስፈልግም፣ የማንም አንድ ብር ስጋት ላይ አይወድቅም። 19,000 ብር የአራት ወር ኪራይ ከፍሎ 3,000 ይተርፈዋል፤ አከራዩንም ለምና ታግባባው ነበር። የከለከላችኋት የራሷን ገንዘብ ነው።

ምክንያታችሁን አውቃለሁ፣ ሕመማችሁንም አልንቅም። ባለፈው ዙር በሦስተኛው ሳምንት እጣ የወጣለት ሰው 30,000ውን ይዞ ተሰወረ። የጣለው 3,000 ነበር፤ 27,000 ዕዳ በሦስት ዋሶች ላይ ወደቀ፣ ለእያንዳንዳቸው 9,000። ከመካከላቸው ለልጆቿ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን አውጥታ የከፈለች እናት አለች። እሷ ዳግመኛ ለማንም አልፈርምም ብትል ማን ይፈርድባታል? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያላችሁ ትተርታላችሁ። ግን የጣላችሁ የትኛው ፈረስ ነው? ያ ሰው እዚሁ የተወለደ፣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የነበረው፣ አባቱን የምታውቁት፣ "የእሱ ስሙ ይበቃል" ተብሎ ደብተር ሳይታይ የተፈረመለት ነው። የጣላችሁ የምታውቁት፣ የምትቀጡት የማታውቋትን ሆነ። ይህን ጥንቃቄ የሚለው ካለ ራሱን እያታለለ ነው።

ጥንቃቄ ሌላ ነው። እቁብ ውስጥ አደጋው ከሁሉ የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት የሚወስድ 27,000 ዕዳ ይዞ ይሄዳል፣ በ25ኛው የሚወስድ 5,000። ለሁለቱም እኩል ሦስት ዋስ መጠየቅ የደንብ ጉድለት ነው። ሌላም አለ፦ ዋስ ያልወሰደ ሰው ይሁን ካላችሁ፣ ዙሩ በገፋ ቁጥር ዋስ የሚሆን ሰው ያልቃል። በ19ኛው ሳምንት ከእሷ ሌላ ያልወሰዱት 11 ብቻ ነበሩ፤ ግማሾቹ ለሌላ ፈርመዋል። ዘመድ የሌለው እቁብተኛ መግቢያ ያጣል፣ ጥፋቱም የእሱ ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት ሦስት ዋስ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከ20ኛው በኋላ አንድ ይበቃል፤ ዋስ ያጣ ደግሞ ቀሪ ዕዳው ተይዞ የጣለውን ይውሰድ። መዋጮውንም በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉት፤ ማን በሰዓቱ እንደከፈለ ማንም ሰው ሳይሆን ወረቀቱ ይናገር።

ዋስትናውንም በቃል አትተዉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። "ለእገሌ ዋስ ነኝ" ብቻ ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ሞልቶናል። "እስከ 3,700 ብር" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ስንቶቻችሁ አትፈሩም ነበር! የፈራችሁት መጠኑን ስላላወቃችሁት ነው፤ ያላወቃችሁትን መጠን ትታችሁ ያላወቃችኋትን ሴት ጠረጠራችሁ።

ነገሩ ደግሞ በእቁብ ብቻ አላበቃም። ቤት አከራዩ ከኪራዩ በፊት የትውልድ ቦታ ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ለአንዱ በዱቤ ሰጥቶ ለሌላው ብሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጣል። ዝርዝሩን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አዳማ እኮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተሰበሰበች ከተማ ናት። ከሐረር፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌ፣ ከጅቡቲ መንገድ የመጣ ሰው ነው ያቆማት። "ከየት እንደመጣች ማን ያውቃል" ያለችው እህት የገዛ አያቷ ከየት እንደመጡ ትጠይቅ። እሳቸውም ሲመጡ የሚያውቃቸው አልነበረም። የሆነ ሰው ግን ቤት አከራያቸው፣ የሆነ ሰው ዋስ ሆናቸው፤ ባይሆን እሷም ዛሬ እዚህ ከተማ ሆና ስለሌላ ሰው መምጫ ባልጠየቀች። ይህ ሲታሰበኝ ቁጣዬ ይወርድና ያመኛል። መቼ ነው እንዲህ የሆንነው?

ሴትዮዋ ከዚያ እሁድ ወዲህም መጣሏን አላቆመችም። ልታቆም ትችል ነበር፤ እናንተ ለእሷ ያላመናችሁትን እሷ ለእናንተ አምና በየሳምንቱ 1,000 ብሯን በእጃችሁ ታስቀምጣለች። 30ኛው ሳምንት ደርሶ ገንዘቧን ስትወስድ ይቅርታ የሚላት ይኖር ይሆን? ብዙ አልጠብቅም። ግን አዲስ ዙር ይጀመራል፣ አዲስ ደንብም ይጻፋል። ያን ቀን ደብተሩን ገልጣችሁ ሙሉ ዙር ያለቅጣት የከፈለው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ እሷ ሳትጠይቅ ሦስት ሰው፣ ሦስት ከበዛ አንድ ሰው፣ "ለአንቺ እኔ እፈርማለሁ" ይበላት። እንደገና ትገባ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ብትገባ ግን የሱቅ ኪራዩ ጨምሮ ይጠብቃታልና፣ ቢያንስ እጣዋን አታዘግዩባት።