ለተኳሹ ስልክ፣ ለቃኚው ጭብጨባ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች አንዱ በቅርቡ ባዘጋጀው የጥንድ ፐብጂ (በስልክ የሚካሄድ የተኩስ ጨዋታ) ውድድር ሁለት ልጆች አብረው አሸነፉ፤ የሽልማቱ ስልክ ግን ለተኳሹ ብቻ ተሰጠ። ጠላትን እየፈለገ ለሚጠቁመው ቃኚ የደረሰው ጭብጨባ ነው። ለምን ሲባሉ፣ አዘጋጆቹ «እሱ እኮ ያየ እንጂ የገደለ አይደለም» አሉ።

ያየ እንጂ! ማየትን እንዲህ የሚያቃልል ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ፣ ይኸው ጨዋታ በእግርና በእጅ የሚካሄድበትን ኤርሶፍትን ይመልከት። እዚያ ጠመንጃው የሚተፋት 6 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ የማትሞላ የፕላስቲክ እንክብል ናት። ከጦሳ ተራራ እንደሚወርደው ያለ ነፋስ ሽው ካለባት መንገዷን ትስታለች። አልሞ ተኳሹ በመነጽሩ ጠባብ ክብ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከክቡ ውጪ የሆነው ሁሉ አይታየውም። ርቀቱን የሚገምተው፣ ቅጠሉ ወዴት እንዳዘነበለ የሚያየው፣ እንክብሏ አጥራ ወደቀች ወይስ ወደ ግራ ሸሸች የሚለውን የሚለየው አጠገቡ የተኛው ቃኚ ነው። «አንድ ክንድ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ» ብሎ ሹክ ይለዋል፤ ሁለተኛዋ እንክብል የምታርፈው በዚህ ቃል ነው። በብዙ ሜዳዎች ደግሞ የአልሞ ተኳሹ ጠመንጃ ኃይለኛ ስለሆነ ቅርብ ባለ ሰው ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ተቃራኒ ከጀርባ ሲጠጋ ጀግናችን እጁ ታስሯል፤ የሚያድነው ቀለል ያለ መሣሪያ የያዘው ያው «ያየ» የተባለው ሰው ነው።

«ፐብጂ ውስጥ ነፋስ የለም» የሚል አይጠፋም። ነፋስ ባይኖርም ጀርባ አለ። ጠላት ያለበትን በካርታው ላይ ምልክት ያደረገው ማን ነው? ተኳሹ ተመትቶ ሲድህ ጥይት መሐል ገብቶ ያነሳው ማን ነው? ያ ልጅ ባያነሳው ኖሮ አዘጋጆቹ የሚቆጥሩለት ግድያ ከየት ይመጣ ነበር? ይሁን፣ ኢላማ መምታት ችሎታ ነው። ነገር ግን በጉም የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር፣ ወርዶ መንገድ የሚያሳየውን ረዳት «ያየ እንጂ የነዳ አይደለም» ብሎ ሒሳቡን ቢከለክለው ኮምቦልቻ ላይ ማን ዝም ይለዋል?

ከሁሉ የሚያናድደው «ግድያ ይቆጠራል፣ ማየት አይቆጠርም» የሚለው ማመካኛቸው ነው። መቁጠር ካቃታችሁ ውድድሩን ለምን የጥንድ አላችሁት? ብቻችሁን ተኩሱ ብላችሁ አትጠሩም ነበር?

ስልክ ለሁለት አይቆረጥም ካሉም መፍትሔው ቀላል ነው፤ ይሸጥና ገንዘቡ እኩል ይከፈል።