«ሁሉም አልከፈሉም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ደብረ ብርሃን በምኖርበት ሰፈር፣ የእድራችን ጸሐፊ በስብሰባው ማብቂያ ላይ ተነሣና «ሁሉም አባላት የዚህን ወር መዋጮ አልከፈሉም» ብሎ አነበበ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። «እኔ ገና ወሩ ሲገባ ነው የከፈልሁት። ደረሰኙም ይኸው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ባለዕዳ ልባል?»

ጸሐፊው ደነገጠ። «ጋሼ፣ እርስዎን መቼ አልሁ? ያልከፈሉ አሉ ነው ያልሁት።»

«ሁሉም አልከፈሉም አላልህም?»

ገሚሱ ከአዛውንቱ፣ ገሚሱ ከጸሐፊው ጋር ሆነ። ዳኛው ሰዉን አረጋግተው ወደ ሌላው ጉዳይ እስኪመልሱን ድረስ ረጅም ጊዜ ጠፋ። እኔ ሎጂክ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ለማስረዳት አፌን ሳልከፍት በመውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለቱም የሰሙትን በትክክል ሰምተዋል። አማርኛችን አፍራሹን ቃል መጨረሻ ላይ ከግሡ ጋር ያስረዋል፤ «አልከፈሉም» የሚለው «ሁሉም»ን ያፍርስ ወይስ መክፈልን ብቻ ያፍርስ ከጽሑፉ አይታይም። ስለዚህ ጸሐፊው ያነበበው አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ፕሮፖዚሽን ተሸክሟል፦ «አንድም አባል አልከፈለም» እና «የከፈሉት ሁሉም አይደሉም»። የመጀመሪያው ሐሰት ነው፤ የአዛውንቱ ደረሰኝ ብቻውን ያፈርሰዋል። ሁለተኛው እውነት ነው፤ መዝገቡ ይመሰክራል።

ፕሮፖዚሽን የምንለው እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችለውን አባባል ነው። «ብርድ» ብል እውነትም ሐሰትም አላልሁም። «የደብረ ብርሃን ብርድ» ብልም ገና ነው። «ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት ይበርዳል» ስል ግን ራሴን ለፍርድ አቀረብሁ፤ አንዱ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሌላው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነውና የሚፈርደኝ አላጣም። ጥያቄ፣ ትእዛዝና ምርቃት እዚህ አይገቡም። «ጋቢ ደርብ» ለሚለው ሰው «ሐሰት ነው» ብሎ የሚመልስ የለም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ በየዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ሆኗል። በዚህ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ የምንሰጥበት መንገድ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ፣ ከዓለም ከተማ የመጣ ልጅ አራቱን የፕሮፖዚሽን ዓይነቶች («ሁሉም ነው»፣ «አንድም አይደለም»፣ «አንዳንዱ ነው»፣ «አንዳንዱ አይደለም») ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ ብሎ በእንግሊዝኛ ምሳሌ ይሸመድዳል፤ ፊደሎቹ «አፊርሞ» እና «ኔጎ» ከሚሉት የላቲን ቃላት፣ ማለትም ከ«አረጋግጣለሁ» እና ከ«እክዳለሁ»፣ አናባቢዎች እንደተወሰዱ እንኳ የሚነግረው የለም። ፈተናውን ያልፋል። ከዚያ ሰፈሩ ተመልሶ እድር ላይ ሲቀመጥ የተማረውና የሚሰማው አይገናኙለትም፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚደብቀው ሌላ፣ የአማርኛው የሚደብቀው ሌላ ነውና።

አማርኛ በዋናነት የሚደብቀው መጠንን ይመስለኛል። «ደላላ ይዋሻል» እንላለን። ስንቱ ደላላ? ሁሉም? አንዳንዱ? ስሙ ብቻውን ስለሚቆም መጠኑን ሰሚው እንደ ፍላጎቱ ይሞላዋል። ተናጋሪውም ያመቸዋል፤ ሲቆጣ «ሁሉም» አድርጎ ይናገራል፣ ሲያዝ «አንዳንዱን ማለቴ ነው» ብሎ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ በየታክሲውና በየቡና ቤቱ «እነሱ» የሚል ስንት ነገር ሰምተናል። «እነሱ» እነማን ናቸው? ድንበሩ የት ነው? ስንቶቹ? ሎጂክ ቤት ከመቃጠል ያድናል የሚል የዋህ አይደለሁም። ነገር ግን መጠንና ድንበር የሌለው ቃል የሰፈር ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያስበውን ሲቀይር በዓይኔ አይቻለሁ።

አባባሉ ስለ ምን እንደሚናገር ወይም ስለዚያ ነገር ምን እንደሚል የሚሰይመው ቃል ወይም የቃላት ስብስብ ተርም ይባላል። «ጣርማበር» ተርም ነው፤ «በግ» ተርም ነው፤ «ትናንት ከሰላ ድንጋይ የመጣው ነጋዴ» ያን ያህል ረዝሞም አንድ ተርም ነው፤ «ወደ»፣ «በፍጥነት» እና «ነገር ግን» አይደሉም። ተማሪዎቼ የሚሳሳቱት ረጅሙ ላይ ነው፤ አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከስሙ ፊት ስለሚደረድር ተርሙ የት እንደሚጀምር ይጠፋቸዋል።

ተርም ትርጉም አለው፣ የሚሰበስባቸው ነገሮችም አሉት፤ ሁለቱን ለማሳየት የመንዝን በግ የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ለፋሲካ በግ ልገዛ ሄጄ ሻጩን «የመንዝ በግ ነው?» አልሁት። «አዎ፣ እዚያው መንዝ የተወለደ» አለኝ። አጠገቤ የነበረ ሌላ ገዥ በጉን ዳበሰና «ይኼ አዋሲ የተቀላቀለበት ነው፤ የመንዝ በግ አይደለም» አለ። መንዝ ውስጥ ከውጭ የመጣውን የአዋሲ ዝርያ ከአገሬው በግ ጋር ማዳቀል ከተጀመረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የዘወትር ነው። ሻጩ በ«መንዝ በግ» ከመንዝ የመጣ በግ ማለቱ ነው፤ ገዥው የመንዝን ዝርያ። በአንዱ ትርጉም ያ በግ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች ስለ በጉ አንድም የተለያዩበት እውነት አልነበረም፤ ግን «ዋሽተሃል» እስከ መባባል ደረሱ። «የመንዝ በግ ስትል ምን ማለትህ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትበቃቸው ነበር።

ይህን ጠያቂነት ከሌላ አገር የምንዋሰው አይደለም። የጥንቱ ሙግት «ተጠየቅ» እየተባባለ፣ በ«በላ ልበልሃ» ቃል ለቃል እየተያዘ ይካሄድ ነበር። ቅኔያችን ደግሞ አንዱን ቃል ሆን ብሎ ለሁለት ከፍሎ ሰምና ወርቅ ያደርገዋል። ኅብረ ቃል ፈልፍሎ ማውጣት የሚችል የቅኔ ተማሪ «ሁሉም አልከፈሉም»ን ለሁለት መክፈል አያቅተውም፤ ቅኔ ቤት የሚወደስበት ብልሃት እድር ላይ የሚያጣላ መሆኑን ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው። ለዚህ ነው ትምህርቱ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ይሰጥ የምለው።

እኔ ክፍል ውስጥ የጀመርሁት አንድ ልምምድ አለ። «ሁሉም አባላት ከፍለዋል» ለሚለው አፍራሹን ጻፉ እላለሁ። አብዛኛው ተማሪ «ማንም አልከፈለም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የእድር መዝገብ እስላለሁ፦ ሦስት ስም ከፍሏል፣ ሁለት ስም አልከፈለም። ሁለቱም አባባሎች ሐሰት ሆነው ይገኛሉ፤ አፍራሽ ግን የሚያፈርሰው አባባል ሐሰት ሲሆን እውነት መሆን አለበት፤ ስለዚህ አንዱ የሌላው አፍራሽ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው አፍራሽ «ቢያንስ አንድ ያልከፈለ አባል አለ» የሚለው ነው። ባለፈው ሴሚስተር ይህን ሳስረዳ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «እንግዲያው አባቴን ለማሸነፍ አንድ ሰው ብቻ ማግኘት ይበቃኛል» አለች። አባቷ ምን ብለው ነበር ስላት፣ «ከተማ የሄደ ልጅ ሁሉ ይበላሻል» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፤ ክፍሉ በሙሉ ያልተበላሸ አንድ ሰው ፍለጋ ጀመረ።