ወይን ስላረጀ ብቻ አይጣፍጥም፤ ደሴ ላይ ጠርሙስ ማስቀመጥ እንጀምር

ወይን ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለውን ደሴ ላይ የማያምን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሆቴል ስትቀመጡ አንዱ ጠርሙሱን ያገላብጥና ዓመቱን አንብቦ "ይሄማ የቆየ ነው" ይላል፣ በቃ ከዛ በኋላ ዋጋው ለምን እንደዛ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለጓደኛችን ምርቃት ብለን አዋጥተን ያስከፈትነው የውጭ ቀይ ወይን ገና ቡሹ ሲነቀል ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተን። ጠርሙሱ ከባንኮኒው በላይ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ነው። አስተናጋጁ ግን "የቆየ ወይን እንደዚህ ነው የሚሸተው" አለን፣ ሰውየው ሊያታልለን አልነበረም፣ የነገሩትን ነው የነገረን፣ ከመካከላችንም አምኖት የጠጣ አለ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የተበላሸ ነገር እየጠጣ ጥፋቱ የኔ ምላስ ነው ብሎ ሲያስብ።

እድሜ ብቻውን ምንም አያጣፍጥም። ዓለም ላይ ከሚሰራው ቀይ ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የሚሰራ ነው። ረጅም ዓመት የሚችለው ትንሹ ነው፣ እሱም የሚችለው ሲሰራ ጀምሮ በቂ ታኒንና አሲድ ይዞ ከወጣ ብቻ ነው። ታኒን የሚባለው ከወይኑ ልጣጭ፣ ከውስጥ ፍሬውና ከበርሜሉ እንጨት የሚመጣው፣ አዲስ ወይን ስትጠጡ ድዳችሁን ድርቅ የሚያደርገው ነገር ነው። ጠርሙስ ውስጥ በዓመታት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ከቀለሙ ጋር አብሮ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ለዛ ነው የቆየ ጥሩ ወይን ቀለሙ ሳሳ ብሎ፣ ስሩ ዝቃጭ ይዞ፣ አፍ ላይ ለስለስ የሚለው። አሲድ የሌለው ወይን ግን አስር ዓመት ብታስቀምጡት ይሞታል እንጂ አይለሰልስም። ጣፋጩ አክሱሚትም በጊዜው ቢጠጣ ነው የሚሻለው፣ ለልጅ ልጅ ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም።

ታዲያ የትኛው እንደሚቆይ በምን ይታወቃል? አንድ ጠርሙስ ከፍታችሁ አታውቁትም። የሚታወቀው የአንድ ቤትን አንድ ወይን በተለያየ ዓመቱ ጎን ለጎን ደርድሮ በአንድ ቀን በመቅመስ ነው፣ ባለሙያዎቹ ቨርቲካል የሚሉት። ማሳው ያው፣ አሰራሩ ያው፣ የሚለያየው የዛ ዓመት ዝናብና ፀሐይ፣ ከዛ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ነው። ያለዚህ ስለ ወይን እድሜ የሚወራው ሁሉ ወሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ነገር ግሬንጅ የሚባለው የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ታሪክ ሁሌ ይገርመኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው ጠርሙሱ ላይ የሚገኙት እንደዛ ስለሆነ ነው።) የሰሪው ኩባንያ የፔንፎልድስ ወይን ጠማቂ ማክስ ሹበርት በ1950 አውሮፓ ሄዶ በፈረንሳይ የወይን አገር ቦርዶ ላይ አርባና ሃምሳ ዓመት የቆዩ ወይኖች ያቀምሱታል፣ ሰውየው አገሩ ተመልሶ እንደዛ የሚቆይ ነገር ካልሰራሁ ብሎ በ1951 ሺራዝ ከሚባለው የወይን ዘር ኦክ ከሚባለው የአሜሪካ እንጨት በተሰራ አዲስ በርሜል የመጀመሪያውን ሙከራ ሰራ። በ1956 መጨረሻ አካባቢ አለቆቹ ሲድኒ ላይ ወይን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሰብስበው አስቀመሱ፣ ሁሉም አጣጣሉት፣ በ1957 አቁም ተባለ። እሱ ግን የ1957ን፣ የ1958ንና የ1959ን ተደብቆ ሰራ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዛው አለቆች የ1951ንና የ1955ን ደግመው ሲቀምሱ ወይኑ ሌላ ሆኖ አገኙት፣ በ1960 ስራው በይፋ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ያ የ1955ቱ በ1962 ሲድኒ ላይ በወይን ውድድር ወርቅ ወሰደ፣ ከዛም በኋላ ከ50 በላይ የወርቅ ሜዳሊያ ሰብስቧል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የፈረዱት ሰዎች ምላስ ጎድሏቸው አይደለም፣ የቀመሱት ወይን ገና ጥሬ ነበር፣ አጠገቡ ደግሞ የሚያወዳድሩት የቆየ ወንድም አልነበረውም።

የ1951ዱ ዛሬ በጨረታ አንዱ ጠርሙስ ከ100 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ መሸጡን ሰው ሁሉ ያወራል፣ እኔን ግን የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከ1951 ጀምሮ አንድም ዓመት አልዘለሉም። ጥሩ ዓመትም መጥፎ ዓመትም ተሰርቶ ተቀምጧል። የ2010ን፣ የ2011ንና የ2012ን ጎን ለጎን ለመቅመስ የታደለ ሰው መሃል ላይ ያለው 2011 ደቡብ አውስትራሊያ ላይ ቀዝቃዛና ዝናብ የበዛበት ዓመት እንደነበር እያወቀ ነው የሚቀምሰው፣ ብርጭቆው ላይ የአየሩን ነገር ይፈልጋል። ቦርዶም እንደዛው ነው፣ 2003 የሙቀት ማዕበል የነበረበት፣ 2009ና 2010 የተመሰገኑ፣ 2013 ደግሞ ብርድና ዝናብ የጎዳው ዓመት ነው። እዛ ለቀማው መስከረም አካባቢ ነው፣ እኛ ዘመን ስንለውጥ እነሱ ወይን ይለቅማሉ፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ 2010 ካለ እኛ ጋ 2003 ሲብት የተለቀመ ነው። በነገራችን ላይ ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት እንጂ የታሸገበት አይደለም፣ ግሬንጅ ራሱ ገበያ የሚወጣው ከተለቀመ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ደግሞ እዩት፣ ይሄ ሁሉ ክብር ያለው ፔንፎልድስ ከ1991 ጀምሮ ባለሙያ እየላከ 15 ዓመት ያለፋቸውን ጠርሙሶች ባለቤቱ ፊት እየከፈተ ይፈትሻል፣ ደህናውን ሞልቶ አዲስ ቡሽ ያደርግለታል፣ የተበላሸውን ማረጋገጫ አይሰጠውም። ሰሪው ራሱ "አሮጌ ስለሆነ ጥሩ ነው" አይልም ማለት ነው። እኛ ሆቴል ውስጥ ለምን እንላለን?

አሁን ወደ ቤታችን። ዝዋይ ላይ፣ ባቱ ማለት ነው፣ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል የተከለው ማሳ ወይኑን ገበያ ያወጣው በፈረንጅ 2014 ነው፣ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ እያለ በወይን ዘሩ እየለየ ያሽጋል። ሲራ ደግሞ ያው ሺራዝ ነው፣ ግሬንጅ የሚሰራበት ዘር። ካስቴል ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ያለው የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ የዚሁ የፈረንሳይ ቡድን ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ዛሬ ከአስር ዓመት በላይ የሚደረደር የአገር ወይን ይኖረው ነበር። ደሴ ላይ እንደዛ ያደረገ ሰው አላጋጠመኝም። ሱቅም ሆቴልም የዓመቱን ልዩነት አይነግራችሁም፣ የመጣው ይሸጣል፣ ያለቀው ይረሳል። ሪፍት ቫሊ አስር ዓመት ይችላል አይችልም የሚለውን ሁሉም በግምት ይከራከራል፣ ግን አብሮ ደርድሮ ሳይቀምሱ ይሄ ክርክር የት ይደርሳል? የኢትዮጵያ ወይን ይሄን ያህል ነው ብለው አንዴ ቀምሰው የሚዘጉት ሰዎች ሹበርት ላይ የተፈረደውን ፍርድ ነው የሚደግሙት።

ለዚህ ስራ ደግሞ ደሴን የሚያህል ከተማ የለም ባይ ነኝ። ወይን ለመቆየት የሚፈልገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ፣ ጨለማና እርጥበት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ስር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ስለሆነ፣ ሰሜን የዞረ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ማሽን ወደዛ የሚጠጋ ቅዝቃዜ ታገኛላችሁ፣ ሌላው አገር በመብራት የሚገዛው ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ስር ያለ መጋዘን ቀን ቀን ምን እንደሚመስል የኮምቦልቻ ሰው ያውቃል። እዛ ያለ ነጋዴ ወይኑን ቶሎ ቢሸጠው ይሻለዋል፣ ወይም መሬት ቤት ቢኖረው። የትም ይሁን የት ቡሽ ያለው ጠርሙስ በጎኑ ይተኛ፣ ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ ኮምጣጤ ነው።

መቅመሱ ራሱ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ከተቀዳ ለ15 ሰው ይበቃል፣ አስር አስራ አምስት ሰው እያንዳንዱ የአንድ ዓመት ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ በቃ ሙሉ ድርድር ነው። የቆዩት ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ቀጥ ብለው ይቁሙ ዝቃጩ እንዲወርድ፣ ከአዲሱ ተነስቶ ወደ አሮጌው መሄድ ለጀማሪ ይቀላል፣ ብርጭቆው አንድ ዓይነት ይሁን፣ የሚተፋም ይተፋ፣ ነውር አይደለም፣ እንደውም አስር ብርጭቆ የሚውጥ ሰው መጨረሻ ላይ ምንም አይለይም። ዳቦና ውሃ ይበቃል፣ በርበሬ ያለው ነገር ከኋላ ይቅረብ። አንድ ነገር ግን ለወሎ ሰው ከባድ ቢሆንም ልበለው፣ ቡና የሚፈላበት ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አይሆንም፣ አፍንጫ ሌላ ምንም አይሰማም። አዲሱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ደማቅ ቀለም፣ ጥቁር ፍሬና የበርሜሉን ቫኒላ ታገኛላችሁ፣ ወደ ኋላ ስትሄዱ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል፣ ሽታው ወደ ዘቢብ፣ ወደ ቆዳ፣ ወደ ትምባሆ ይዞራል። የትኛው ዓመት ላይ መልካሙ እንደሚያልቅ እዛው ታዩታላችሁ፣ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ከተማችን ውስጥ የማይጠጣው ሰው ብዙ ነው፣ ጎረቤቴም ወንድሜም ነው፣ ይሄ እሱን የሚያስቸግር ነገር መሆን የለበትም፣ በቤት ውስጥ በልክ የሚደረግ ነው። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ እዚህ አገር አስር ዓመት የሚቀመጥ ነገር አለ ወይ? በ2014 በኛ አቆጣጠር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የስንቱ ሱቅና ሆቴል መጋዘን ባዶ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ይሄን ያየ ሰው የገዛሁትን ዛሬ ልጠጣው ቢል አልፈርድበትም። ግን ለዛም ነው ነገሩን አንድ ሰው ብቻውን ባይዘው የምለው፣ አምስት ስድስት ቤት ተከፋፍሎ ቢያስቀምጠው፣ የወይን ፋብሪካውም በየዓመቱ ጥቂት ካርቶን ለዚህ ለይቶ ቢያስቀር፣ ሆቴሎችም ጠርሙሱን ከመስኮት አውርደው ዓመቱን ሜኑ ላይ ቢጽፉ።

እኔ ከዘንድሮ የምጀምረው እንዲህ ነው። ሁሉም ላይ አንድ ዓመት የተጻፈበት አንድ ካርቶን የሪፍት ቫሊ ሲራ ይገዛል፣ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ በየዓመቱ ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ጠርሙስ ይከፈታል፣ የዛን ዓመት አዲሱም አጠገባቸው ይቀዳል። የሚቀምሱት የትኛው ከየት እንደመጣ ሳይነገራቸው ይቅመሱ፣ ያሉትም ቀን ተጽፎበት ደብተር ላይ ይስፈር።