ዘጌ ላይ የመዋኛ ገንዳ ምን ይሠራል?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ ስለ ቤተሰብ ጉዞ ሲያወራ ባሕር ዳርን አነሳ። ከገዳማቱና ከጢስ ዓባይ ውጭ ልጆች ይዞ የሚኬድበት ቦታ የላትም አለ። ጣና ሐይቅ ዳር ስላለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ስለ ዘጌ ሲጠየቅም ጫካው ወደ ገዳሙ መተላለፊያ እንጂ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ተናገረ። መፍትሔም አለው፤ ቁጥቋጦው ይመንጠር፣ መንገዱ ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ዳርቻው ላይ የመዋኛ ገንዳና መጫወቻ ይሠራ። አዘጋጁ «ልክ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉ ያናደደኝ ልጆች ዛፍ ይሰለቻቸዋል ማለቱ ነው። የትኞቹ ልጆች? ኅዳር ላይ ከልጆቻችን ጋር ዘጌ ነበርን። ትንሹ ልጄ፣ የቡናው ባለቤት ፈቅዶለት፣ አንድ የቀላ ቡና ቀጥፎ በጥርሱ ሰነጠቀው። ጣፋጩን ልጋግ መጠጠና ሁለቱን ፍሬዎች መዳፉ ላይ ተፋቸው። የተጣበቁበት ጎን ጠፍጣፋ፣ ጀርባቸው ክብ። «እማዬ፣ ቡና ማለት ይኼ ነው?» አለኝ። እኛ ቤት ጀበና ከምድጃ ወርዶ አያውቅም። ልጁ ግን ቡና ከሱቅ በፌስታል ከመምጣቱ በፊት የት እንደነበር አያውቅም። እህቱ ደግሞ ጌሾውን አገኘች። እናቴ ለጠላ የምትወቅጠው ቅጠል መሆኑን ስነግራት ጫፉን ነከሰችው፤ ምሬቱ ፊቷን አጨማደደው፤ ደግማ ነከሰችው። የሰለቸው ልጅ አላየሁም። የሰለቸው ባለጀልባው ነበር፤ ገዳሙን አይታችሁ ቶሎ ውጡ እያለ ያዋክበን ነበር።

ደግሞስ ዘጌ ዝም ብሎ የበቀለ ጫካ ነው እንዴ? የአገሬው ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ገዳሙን መሠረቱ የሚባሉት የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ነው ይላል። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ የኖረውም ከዚሁ እምነት ነው። ውጤቱን ሄዶ ማየት ነው። የጣና ዙሪያ ሲታረስና ሲራቆት ዘጌ ደኑን ይዞ ቆየ። ቡናው በዋንዛና በሌሎች ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩን ያለብሰዋል፣ ዶፉ ሲመጣ አፈሩ እየተጠረገ ሐይቅ አይገባም። ሰውየው ይመንጠር የሚለው ይህን ሥራ የሚሠራውን ነው! ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው እንዲጠበቅ የተከለለ ቦታ ነው። እምቦጭ ስንት ዓመት አስጨንቆናል። አሁን ደግሞ በገዛ እጃችን ደለል እንጨምርበት?

«ቁጥቋጦ» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። እንዶድም ቁጥቋጦ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያሳየው፣ ዓለም ያወቀው ምርምር የተነሣው ከዚያ ወንዝ ዳር ነው። ቢልሃርዚያ ደግሞ ለጣና ዳርቻ ሰው እንግዳ በሽታ አይደለም። ያን ቀን እዚያ የቆመው የሬዲዮው እንግዳ ቢሆን ኖሮ እንዶዱን አስቆርጦ ድንጋይ ያስነጥፍ ነበር። ቅጠል ለይቶ የማያውቅ ልጅ ነገ ኃላፊ ሲሆን የሚፈርመው የምንጣሮ ደብዳቤ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ጫካ ለልጅ አደገኛ ነው የሚሉም አሉ። አዎ፣ ሳማ ያቃጥላል። አስተናግር የበላውን ያሳብዳል። ታዲያ ልጁ እነዚህን የሚለየው ቤት ተቆልፎበት ነው? አስተናግር እኮ ከተማ ውስጥ በየቆሻሻው ዳር በቅሏል። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አለመሆኑን አልክድም፤ ሳያጣራ ልጅ ይዞ የሚነሳ የለም። ለእሱ ግን የመዋኛ ገንዳ መልስ አይሆንም።

ዘጌ የሚያስፈልገው ዛፉን እንደ ገዳሙ ሥዕል አንድ በአንድ የሚያስረዳ ሰው ነው። ሰውየውም አለ፤ ቡናውን ለቅሞ፣ ጌሾውን ቆርጦ ባሕር ዳር ገበያ የሚያወርደው የዘጌ ገበሬ ነው። እሱ አስጎብኚ ይሁን፣ ይከፈለው። ባለጀልባዎቹም ሰዓት ይጨምሩ፤ ቤተሰብ የሚከፍለው ለመሮጥ አይደለም። ድንጋይ ላነጥፍ የሚል ካለ ግን መጀመሪያ ጫካውን ጠብቀው ያቆዩትን ገበሬዎችና የገዳሙን አባቶች ሄዶ ይጠይቅ። እምቢ ካሉትም ይመለስ።